ባሕሩ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብሎ የጠየቀው ራማን

ባለፈው ሸዋ በር አካባቢ ስልክ ስገዛ ሻጩ ስክሪኑ ኦሌድ ነው ብሎ ማለልኝ። እኔም አምኜ እህቴ የላከችልኝን ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ መብራት ጠፍቶ ጥቁር ፎቶ ብከፍት ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ያበራል። ኦሌድ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ ቦታ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱም ኦሌድ ላይ የሚያበሩት ካርቦን ያለባቸው ሞለኪውሎች ራሳቸው እንጂ ከኋላ ያለ መብራት አይደለም። በንዴት ስለነዚህ ሞለኪውሎች ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ከቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ታሪክ ጋር ተዋወቅሁ።

ራማን እ.ኤ.አ. በ1888 ደቡብ ሕንድ ውስጥ ተወለደ። በ1907 ካልካታ ላይ የመንግሥት ፋይናንስ ሠራተኛ ሆነ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከቢሮ በፊትና በኋላ በአንድ የሳይንስ ማኅበር ቤተ ሙከራ ይመራመር ነበር። በ1917 የቢሮውን ሥራ ትቶ በአነስተኛ ደመወዝ የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1921 በመርከብ ሲጓዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት አስገረመው። ታላቁ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህ የሰማይ ነጸብራቅ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ራማን ግን በትንሽ ፕሪዝም ነጸብራቁን አስቀርቶ ቢያየው ባሕሩ ያው ሰማያዊ ነው። ለካ ውሃው ራሱ ብርሃን ይበትናል!

በ1928 ከክሪሽናን ጋር ባንድ ቀለም ብርሃን ፈሳሾችን ሲመረምሩ፣ ከተበተነው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ቀይሮ ወጣ። ለውጡ የሞለኪውሉን ንዝረት ይናገራል፤ ስለዚህ እንደ ጣት አሻራ ሞለኪውሉን ያሳውቃል። ለዚህም በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በሳይንስ ዘርፍ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። በ1970 ባንጋሎር ውስጥ አረፈ።

ዛሬ የኦሌድ ተመራማሪዎች ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደተያያዙና እንደተደረደሩ የሚያዩት በራማን ስፔክትሮስኮፒ ጭምር ነው። ችግሩ፣ የቁሶቹ የራሳቸው ፍካት ደካማውን ምልክት ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍካቱን በማይቀሰቅስ የኢንፍራሬድ ሌዘር ይመረምሯቸዋል።

እኔስ? በማግስቱ ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። የሱቁን መብራት አጥፍተን ስክሪኑን አብረን አየን። ሻጩ ደነገጠ፤ ለካ እሱም ስልኩን ያመጣለት ሰው ያለውን ነው የደገመልኝ። ብሬ አልተመለሰም። ግን እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሰማነውን ሳናጣራ ብንጽፍ፣ ከዚያ ሻጭ በምን እንለያለን?