ፓቬል ትሬትያኮቭ፤ ለራሱ ያልሰበሰበው ሥዕል ሰብሳቢ

በመካከላችን ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የድሮ ሳንቲም የሚያጠራቅም አለ፤ ከመጽሔት ላይ ሥዕል እየቀደደ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ የሚያለብስም ሞልቷል። መሰብሰብ የብዙ ሰው ጠባይ ነው። ነገሩ የሚለየው ለማን ነው የሚሰበሰበው ሲባል ነው። ዛሬ በዚህ አምድ ሕይወቱን የምናወጋላችሁ ሰው ለዚህ ጥያቄ ገና በወጣትነቱ መልስ የሰጠ፣ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ ያንን መልስ ሲከፍል የኖረ የሞስኮ ነጋዴ ነው። ስሙ ፓቬል ሚኻይሎቪች ትሬትያኮቭ ይባላል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ በሉልን።)

ትሬትያኮቭ የተወለደው በ1832 ታኅሣሥ ውስጥ ነው። አባቱ ሱቅ ያለው፣ ደኅና የሚኖር ነጋዴ ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት አላስገባም፤ አስተማሪ ቤት ድረስ እየመጣ ያስተምራቸው ነበር። ፓቬልና ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ሱቅ እየገቡ ይላላካሉ፣ ደንበኛ ይጠራሉ፣ ከፍ ሲሉም ሒሳብ ይመዘግባሉ። አባትየው በ1850 ሲሞት ፓቬል ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት አልሞላውም ነበር። የቤቱ ታላቅ ወንድ ልጅ እንግዲህ እሱ ነው።

ንግዳቸው የተልባ እግር ጨርቅ ነው። እኛ ተልባን በፍሬው እናውቀዋለን፤ እነሱ ደግሞ ከአገዳው ጭረት አውጥተው ፈትለው ይሸምኑታል። ወንድማማቾቹ ንግዱን እያሰፉ ሄደው በ1866 ከሽርካዎቻቸው ጋር ኮስትሮማ በምትባል ከተማ ትልቅ የተልባ እግር ፋብሪካ አቋቋሙ። ገንዘቡ የመጣው ከዚህ ነው። ከዘውድ የተሰጠ ርስት ወይም ከአያት የተወረሰ መሬት አልነበረውም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ተጎንብሶ ያገኘው ገንዘብ ነው፤ ይህንን ያስታወሰ ሰው በኋላ የሚመጣውን ክርክሩን በደንብ ይረዳለታል።

ሥዕል መግዛት የጀመረው በ1854፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ሞስኮ ውስጥ ሱኻሬቭካ የሚባል ገበያ ነበር፤ አሮጌ መጽሐፍ፣ አሮጌ ዕቃ፣ አሮጌ ሥዕል የሚቸረቸርበት። ምናለሽ ተራን አስቡት። እዚያ እየሄደ የጥንት የሆላንድ ሠዓሊዎች ሥራ ናቸው የተባሉ ሥዕሎች ገዛ። ታዲያ ጥርጣሬ ያዘው። ሠዓሊው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሥራው የራሱ ይሁን የተማሪው፣ ወይስ አንድ ብልጥ አስመስሎ የሠራው፣ በምን ይታወቃል? ትሬትያኮቭ እንዲህ ያለውን ነገር መለየት ለሱ ዓይነቱ ሰው ከባድ መሆኑን ሲረዳ አቅጣጫውን ለወጠ። ከዚያ በኋላ የሚገዛው የአገሩን ሠዓሊዎች ሥራ፣ የሚቻል ሲሆንም ከራሳቸው እጅ ሆነ። የነጋዴ ብልሃት ነው፤ ጨርቁን ከሸማኔው የገዛ አይታለልም።

በ1856 ሁለት የሩሲያ ሥዕሎች ገዛ። አንደኛው የሺልደር «ፈተና» ነው፤ በድሃ ቤት ውስጥ ያለችን ልጅ አንዲት አሮጊት ደላላ በጌጥ ስታባብላት ያሳያል። ሁለተኛው የኹድያኮቭ ሥራ ሲሆን ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር የሚደረግ ግጭት ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሙዚየም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1860 ትሬትያኮቭ ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ ሲነሣ ኑዛዜ ጻፈ። ሃያ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ አላገባም፤ ልጅም የለውም። በዚያ ኑዛዜ ላይ ሞስኮ ውስጥ ለሕዝብ የሚሆን የሥዕል ሙዚየም እንዲቋቋም 150,000 የብር ሩብል መደበ። ደግሞም የሙዚየሙ አስተዳደር በሥነ ጥበብ ወዳጆች እጅ እንዲሆን፣ የመንግሥት ሹማምንትና የቢሮ ሰዎች እንዳይገቡበት አሳሰበ። ያኔ በእጁ የነበሩት ሥዕሎች ጥቂት ነበሩ። ሌላው ሰው መጀመሪያ ይሰበስባል፤ ሲያረጅና ቤቱ ሲጠበው ለማን ልስጥ ይላል። እሱ መጀመሪያ ሰጠ፤ ከዚያ ነው ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰበሰበው።

ዘመኑም ረዳው። በ1863 በፒተርስቡርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዐሥራ አራት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለወርቅ ሜዳልያው ውድድር የተሰጣቸውን ርእስ አንቀበልም ብለው ወጡ። ርእሱ ከሰሜን አውሮፓ አማልክት ተረት የተወሰደ ነበር፤ እነሱ የፈለጉት የአገራቸውን ሰውና ኑሮ መሣል ነው። (ፈተና የምታወጡ መምህራን ይህችን ልብ በሉ!) መሪያቸው ኢቫን ክራምስኮይ ነበር። በ1870 ክራምስኮይና ጓደኞቹ ሥዕላቸውን ከከተማ ከተማ እያዞሩ የሚያሳዩበት ማኅበር መሠረቱ። ተዘዋዋሪዎቹ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። ገበሬውን፣ ጭቃውን መንገድ፣ ሰካራሙን ቄስ፣ ጀልባ ጎታቹን ሣሉ። ቤተ መንግሥቱና አካዳሚው እንደ ድሮው ቢቀጥል ኖሮ እነዚህ ሰዎች ሥዕል ሸጠው እንጀራ መብላታቸው ያጠራጥር ነበር። ትሬትያኮቭ ዋና ገዢያቸው ሆነ።

በ1871 በተደረገው የመጀመሪያ ትርዒታቸው ላይ የሳቭራሶቭ «ቁራዎቹ ተመለሱ» ቀረበ። ነገሩ ምንም አይደለም፤ ሊቀልጥ የደረሰ በረዶ፣ ጥቂት ቀጫጭን ዛፎች፣ በላያቸው የወፍ ጎጆ፣ ከኋላ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ትሬትያኮቭ ገዛው፤ ዛሬ ይህን ሥዕል የማያውቅ የሩሲያ ተማሪ አይገኝም ማለት ይቻላል። በዚያው ትርዒት ኒኮላይ ጌ ታላቁን ጴጥሮስ ልጁን ሲመረምር የሚያሳየውን ሥዕል አቅርቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አይቶት ልግዛው አለ። ለካ ተሸጧል! ለንጉሥ ይህን ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። መጨረሻው፣ ሠዓሊው ለቤተ መንግሥት ግልባጭ ሠራ፤ ዋናው ወደ ነጋዴው ቤት ሄደ።

የአገዛዙ ዘዴ ለብቻው የሚወራ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ትርዒት ከመከፈቱ በፊት ወደ ሠዓሊዎቹ ስቱዲዮ ይሄዳል፤ ቆሞ ብዙ ያያል፤ ጥቂት ይናገራል፤ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ ይከራከራል። አዎ፣ ይከራከራል! በዚህ ምክንያት ቅር ያላቸው ሠዓሊዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሀብታም በመቶ ሩብል ይጨቃጨቃል ብለው። እሱ ደግሞ ክርክሩን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፤ ሥዕሉ የሚሄደው ወደ ሕዝብ ነው፤ ከአንዱ ላይ የተረፈችው ሩብል ሌላ ሥዕል ትገዛለች። ሠዓሊዎቹም ቢያጉረመርሙ እንኳ ሥራቸው እሱ ቤት እንዲገባ ይፈልጉ ነበር፤ እዚያ የተሰቀለ ሥዕል እንደማይጠፋ፣ ተመልሶም እንደማይሸጥ ያውቃሉ። በበኩላችን ሁለቱም ወገን እውነት አለው እንላለን። የሠዓሊም ልጅ ይራባል።

ዋጋ ያልገታው ጊዜም አለ። በ1874 ቬሬሽቻጊን ከመካከለኛው እስያ ጦርነት ያመጣቸውን ሥዕሎች አንድ ላይ በ92,000 ሩብል ገዛ። የሰው ራስ ቅል ተከምሮ፣ ቁራ ሲያንዣብብበት የሚያሳየው «የጦርነት ክብር» ከነዚህ አንዱ ነው። ስብስቡን ለሞስኮ የሥዕል ትምህርት ቤት ልስጥ ቢል ቦታ የለንም አሉት። ስለዚህ ራሱ ቤት አስፋፍቶ አስገባው።

የዘመኑ ታላላቅ ሰዎች መልካቸው ሳይጠፋ እንዲቀር ብሎ ሠዓሊዎችን ያሠራ ነበር። ፔሮቭ በ1872 ዶስቶዬቭስኪን የሣለው በሱ ትእዛዝ ነው። ቶልስቶይ ለዓመታት እምቢ ብሎ ቆይቶ ነበር፤ በ1873 ክራምስኮይ እሱ መንደር አጠገብ ቤት ተከራይቶ ለምኖ አስቀመጠው። ሬፒን በ1881 ሙሶርግስኪን በሆስፒታል የሣለው ሙዚቀኛው ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ይህንም ትሬትያኮቭ ገዛ። ከሙዚየሙ ሥዕሎች ለኛ የሚቀርበን የፑሽኪን ነው፤ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ቅድመ አያቱን ከሰሜናችን ያመጡታልና። ኪፕሬንስኪ የሣለው ይህ ሥዕል ግን የገባው በ1916 ነው፤ ትሬትያኮቭ ካለፈ በኋላ።

ከሁሉ የሚያስገርመን የማይወደውን ሥዕል መግዛቱ ነው። በ1890 ኒኮላይ ጌ ክርስቶስን በጲላጦስ ፊት የሚያሳይ «እውነት ምንድን ነው?» የሚል ሥዕል አቀረበ። የደከመ፣ የተጎሳቆለ ክርስቶስ ስለሆነ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ባለሥልጣኖችም ከትርዒቱ አስወጡት። ትሬትያኮቭም ልቡ አልተቀበለውም፤ አልገዛም። ቶልስቶይ ደብዳቤ ጽፎ ወቀሰው። ትሬትያኮቭ አሰበበት፤ ገዛውም። የራሱን ልብ ብቻ ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሥዕል ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ አይኖርም ነበር። ለደስታው የሚሰበስብ ሰው እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ እሱ ግን ሌሎች ሊያዩት የሚገባውን ለመግዛት ራሱን አስገድዶ ነበር።

መንግሥትም ዝም አላለውም። ሬፒን ኢቫን አስፈሪው ልጁን በገዛ እጁ ከመታ በኋላ ደሙን ለማቆም ሲታገል የሚያሳየውን ሥዕል በ1885 ሲያወጣ፣ አሌክሳንድር ሣልሳዊ ለሕዝብ እንዳይታይ አዘዘ። ትሬትያኮቭ ሥዕሉን ገዝቶ ትእዛዙ እስኪነሣ ለጥቂት ወራት ደብቆ አቆየው። ይኸው ሥዕል በ1913 በቢላዋ ተተልትሎ ተጠግኗል፤ በ2018 ደግሞ እንደገና ተጎድቷል።

ቤቱ እንዴት ነበር? በ1865 ቬራ ማሞንቶቫን አገባ፤ ስድስት ልጆች ወለዱ። ኑሮው የቁጠባ ነበር፤ ማልዶ ይነሣል፣ አንድ ዓይነት ኮት ይለብሳል፣ ግብዣ አይወድም። አንዱ ወንድ ልጁ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር። ተስፋ የጣለበት ሌላው ወንድ ልጁ ኢቫን በ1887 በስምንት ዓመቱ ሞተበት። ዝምታው ከዚያ ወዲህ በረታ። ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡን ግልጽ አድርጓል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ገንዘብ ማግኘት የፈለገው ከኅብረተሰቡ የተገኘው ተመልሶ ለኅብረተሰቡ በሚጠቅም ተቋም እንዲውል መሆኑን፣ ለልጆችም ትምህርትና አስተዳደግ እንጂ ሥራ የሚያስፈታ ሀብት ማውረስ እንደማይገባ። ልጆቹ ይህን ሲያነቡ ምን ተሰማቸው ይሆን ማለታችን አልቀረም።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምር። ትሬትያኮቭ በሞስኮ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበትን የአርኖልድ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በገንዘቡ ደግፏል፤ ሕንፃ ገዝቶለታል፤ ፈተና ሲደረግም ተገኝቶ ያይ ነበር። ስለ ሥዕሎቹ ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የሥዕል ክፍሎቹን ላቭሩሺንስኪ በሚባለው ጠባብ መንገድ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አያይዞ ከ1872 ጀምሮ አሠራ። ከ1881 ወዲህ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይገባ ነበር። ባለጫማውም ባለ ቡትቶውም ገባ። በ1891 ትናንሽ ሥዕሎች ተሰርቀው ለጊዜው ዘጋ፤ እንደ ሰው ከፍቶት ነበር። በ1892 ወንድሙ ሰርጌይ ድንገት ሞተ፤ እሱም የምዕራብ አውሮፓ ሥዕሎች ሰብስቦ ነበርና ለከተማው ተናዝዞ ነበር። ፓቬል ጊዜ አላጠፋም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የራሱን ከ1,200 በላይ የቀለም ሥዕሎች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ንድፎችና ቤቱን ጨምሮ ለሞስኮ ከተማ ምክር ቤት አስረከበ። ሙዚየሙ በ1893 በይፋ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ምስጋናው ተከተለው፤ እሱ ደግሞ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ የመኳንንት ማዕረግ ሊሰጠው ቢል ነጋዴ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ነጋዴ ሆኜ እሞታለሁ በሚል አልቀበልም እንዳለ ይነገራል። በ1894 የአገሩ ሠዓሊዎች ስጦታውን ለማክበር ሞስኮ ላይ ጉባኤ ሲጠሩ እሱ ከከተማው ወጥቶ ሄደ። ማስተዳደሩን ግን አልተወም፤ ስጦታ ከሆነ በኋላም በገንዘቡ ሥዕል እየገዛ ይጨምር ነበር።

በ1898 ታኅሣሥ ዐረፈ። ሚስቱ ቬራ ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተለችው። ሙዚየሙ በ1918 የመንግሥት ሆነ፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። ከአገራችንም ሞስኮ ሄደው፣ በሱሪኮቭ ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩ ሠዓሊዎች አሉ። ሱሪኮቭ ራሱ ትሬትያኮቭ ትላልቅ ሸራዎቹን ከገዛላቸው አንዱ ነው። ባልና ሚስቱ ሲያልፉ ባዶ የቀረው መኖሪያ ቤት ፈርሶ አልተሸጠም፤ ግድግዳው ተከፍቶ ከሥዕል ክፍሎቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ልጆቹ ይጫወቱባቸው የነበሩት ክፍሎች ላይ ሥዕል ተሰቀለ።