አውግስጦስ ቄሣርና የሸመገሉ ወታደሮቹ

በልደት በዓል ሰሞን የሉቃስ ወንጌል ሲነበብ የአውግስጦስ ቄሣርን ስም ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ያን የሕዝብ ቈጠራ ያዘዘው እርሱ ነው። ከዚህ ያለፈ ግን ስለ እርሱ የምናውቀው እምብዛም ስለ ሆነ፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ስለ ድሎቹና ስላሠራቸው ሕንፃዎች ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ይልቁን የምመለከተው፣ በውትድርና ያረጀን ሰው ማን ይጡረው ለሚለው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ስለ ሆነ ይህ ነገር በቤታችን ዘወትር ይነሣል። ዓመታቱን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ተወለደ። የልጅነት ስሙ ኦክታቪዮስ ነበረ። እናቱ የዩልዮስ ቄሣር የእኅት ልጅ ናት። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት። ከልደት በፊት በ44 ዓመት ቄሣር በሮማ በሤራ ሲገደል ኦክታቪዮስ የ18 ዓመት ወጣት ነበረና ከባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለ መርዶው ደረሰው። ቄሣር በኑዛዜው ልጄ ብሎ እንዳወረሰው በሰማ ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። ዕድሜው ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የማይበልጥ ይህ ልጅ ጦርም ሹመትም አልነበረውም። ስለዚህ ቄሣር መሬት ሰጥቶ ወዳሰፈራቸው አሮጌ ወታደሮች ሄደና ለእያንዳንዳቸው 500 ዲናር ሰጣቸው። የአንድ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ስለ ነበረ ይህ ከሁለት ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። እነርሱም ተከተሉት።

ለመሆኑ ስለ ምን ተከተሉት? በዚያን ዘመን የሮማ መንግሥት አገልግሎቱን ለፈጸመ ወታደር የሚሰጠው የተወሰነ ዋጋ አልነበረም። መሬት የሚያስገኝለት የጦር አለቃው ብቻ ነበረ። ስለዚህ ወታደሩ ዓይኑን የሚጥለው በአገሩ ላይ ሳይሆን በአለቃው ላይ ነው፤ አለቃው በሮማ ላይ ዝመት ቢለው ይዘምታል። ሮማውያን እርስ በርሳቸው ለብዙ ዓመታት የተላለቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ኦክታቪዮስ ራሱ የዚህን ክፋት አድርጎ አሳይቷል። ከልደት በፊት በ42 ዓመት ከአንጦንዮስ ጋር ሆኖ የቄሣርን ገዳዮች በፊልጵስዩስ ድል ካደረገ በኋላ፣ ለአሮጌዎቹ ወታደሮች የተሰጠውን ተስፋ የመፈጸም ሥራ በእርሱ ላይ ወደቀ። በግምጃ ቤቱ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ የ18 የኢጣልያ ከተሞች መሬት ከባለቤቶቹ እየተነጠቀ ለወታደር እንዲታደል ተደረገ። ምንም ያልበደሉ ገበሬዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮማ መጡና በአደባባይ አለቀሱ። መሬታቸው ከተወሰደባቸው አገሮች አንዱ ማንቱዋ፣ የታላቁ ባለቅኔ የቬርጂል አገር ነው። በዚሁ ጉዳይ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ለወታደሩ የተከፈለው ውለታ ከጎረቤቱ ማሳ ላይ የተወሰደ ሆነ።

ከልደት በፊት በ31 ዓመት በአክቲዩም የባሕር ውጊያ አንጦንዮስንና ክሌዎፓትራን ድል አደረገ፤ በማግሥቱም ዓመት የግብፅን ሀብት ያዘ። በ27 ዓመት አውግስጦስ የሚለውን የክብር ስም ተቀበለ፤ ኦገስት የሚባለውም ወር የተሰየመው በእርሱ ነው። ገንዘብ በእጁ ከገባ በኋላ የቀደመውን አላደረገም። ለወታደሮቹ የሚሰጠውን መሬት ከባለቤቶቹ በዋጋ ገዛ፤ ለኢጣልያ መሬት 150 ሚሊዮን፣ ከኢጣልያ ውጭ ላለው 65 ሚሊዮን ዲናር ከፈለ። እርሱ ራሱ ባስጻፈው የሥራ ታሪኩ፣ ለእርሱ ከማሉት 500,000 ያህል ወታደሮች መካከል ከ300,000 የሚበልጡትን በመሬት አስፍሯል ወይም ገንዘብ ሰጥቶ ወደ አገራቸው አሰናብቷል። በእኛም አገር ለወታደር ማደሪያ መሬት መስጠት የቆየ ልማድ ስለ ነበረ ነገሩ ለአንባቢዎቼ እንግዳ አይሆንም። በኋላም በመሬት ፈንታ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር፤ ለዚህም ሌላ 100 ሚሊዮን ዲናር ወጣ።

ነገር ግን አንድ ሰው ከኪሱ የሚሰጠው ከሰውዬው ጋር ያልቃል። አውግስጦስ እያረጀ ሲሄድ ይህን የተረዳው ይመስላል። ከልደት በኋላ በ5 ዓመት የአንድ ወታደር አገልግሎት 20 ዓመት፣ የስንብት ዋጋውም 3,000 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ከ13 ዓመት ደመወዝ በላይ ነው። በወንጌል የወይኑ አትክልት ሠራተኛ የቀን ዋጋ 1 ዲናር መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ መጠኑን ይገምተዋል። በ6 ዓመትም የወታደሮች ግምጃ ቤት የሚባል፣ ከሌላው የመንግሥት ገንዘብ የተለየ ሣጥን አቋቋመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ሀብት 42 ሚሊዮን ተኩል ዲናር አገባበት፤ የቀድሞ ዳኞች የነበሩ 3 ሰዎችም በዕጣ ተመርጠው ለ3 ዓመት እንዲጠብቁት አደረገ። ከዚያ ወዲያ ግን ሣጥኑ የሚሞላው በግብር ነው፤ ከውርስ ከመቶ 5፣ በሐራጅ ከሚሸጥ ዕቃም ከመቶ 1። የቅርብ ዘመድ የወረሰና ድኻ የውርሱን ግብር አይከፍሉም።

ሴናት የሚባለው የመኳንንት ምክር ቤት ግብሩን ጠላው። በ13 ዓመት ማጕረምረሙ በበረታ ጊዜ ሽማግሌው አውግስጦስ አልተቆጣም፤ ሌላ የተሻለ መንገድ ካላችሁ ጽፋችሁ አምጡ አላቸው። ወዲያውም መሬትና ቤት የሚመዘግቡ ሰዎችን በየቦታው ላከ። ባለርስቶቹም ከዚህ የባሰ ግብር መጣብን ብለው ስለ ፈሩ የውርሱን ግብር ዝም ብለው ተቀበሉ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን ያሳቀኝ ይህ ነው።

ሥራው ግን ጉድለት ነበረበት። በመጀመሪያ የወታደሩ ቤተ ሰብ ተረሳ። የሮማ ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ በሕግ ማግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ ክልከላውን ያወጣው አውግስጦስ እንደ ሆነ ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ያምናሉ። ወታደሩ ሰው ነውና በሰፈረበት ቦታ ሴት አግብቶ ይወልዳል፤ ሲሞት ግን ሴቲቱ በሕግ ሚስቱ፣ ልጆቹም በሕግ ልጆቹ አይደሉም። ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያን ለእነዚህ ልጆች የአባታቸውን ንብረት መጠየቅ የፈቀደላቸው በ119 ዓመት ነው፤ ይኸውም ግምጃ ቤቱ ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በኋላ።

ሁለተኛው፣ የተነገረው ጊዜ አልተጠበቀም። በ9 ዓመት በጀርመን ጫካ 3 ሌጌዎን ጦር አለቀ። ሰው ስላነሰና ገንዘቡም ስላልበቃ፣ 20 ዓመት የፈጸመው ወታደር ሳይሰናበት ይቆይ ነበር። አውግስጦስ በነሐሴ ወር 14 ዓመት ኖላ በምትባል ከተማ በ75 ዓመቱ ሞተ፤ ለእያንዳንዱ የሌጌዎን ወታደር 75 ዲናር ተናዞ ነበር። የሞቱ ወሬ እንደ ተሰማ በዳኑብና በራይን ወንዝ ያሉት ጦሮች ዐመፁ። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሽማግሎች በመካከላቸው ነበሩ። ተሰናበቱ ከተባሉ በኋላም በሌላ ስም በዚያው ሥራ መቆየታቸውን፣ መሬት ተብሎ የሚሰጣቸውም ረግረግና ተራራ መሆኑን ተናገሩ። የአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የጢባርዮስ የወንድም ልጅ ጌርማኒኩስ ሊያረጋጋቸው ወደ ራይን በመጣ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ሊስሙት እንደሚፈልጉ ሆነው እጁን ያዙና ጣቶቹን ወደ አፋቸው አስገቡ። ጥርስ እንደሌላቸው በእጁ ዳስሶ እንዲያውቅ ነው።

ዐመፁ በብዙ ደም በረደ። ለጊዜው አገልግሎቱ ወደ 16 ዓመት እንዲወርድ የተሰጠው ቃልም ተሻረ። በ15 ዓመት ሕዝቡ ከመቶ 1 የሚከፈለው የሐራጅ ግብር እንዲቀርለት በለመነ ጊዜ ግን ጢባርዮስ የወታደሮቹ ግምጃ ቤት የቆመው በዚህ ግብር ነው ብሎ እንቢ አለ።