ጋሊሊዮ እና የድሮ ደብተሮቹ

በዛሬው የታላላቅ ሰዎች ታሪክ አምዳችን የጋሊሊዮ ጋሊሌይን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጋሊሊዮን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ በቴሌስኮፕ ሰማይን ያየው ሰውዬ ነው። እኔ ግን በብዛት የምነግራችሁ ስለ ቴሌስኮፑ አይደለም። ካረጀ በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮ ጽሑፎቹን እንደገና ስለጻፈበት ጊዜ ነው።

ለምን ይህን መረጥክ ብትሉኝ ምክንያት አለኝ። ክረምት ላይ የስድስተኛ ክፍል ደብተሮቼን በሙሉ ሰፈራችን ቆሎ ለምትሸጥ ሴትዮ ሰጠኋት። አንድ ቀን ቆሎ ስገዛ የተጠቀለለልኝ በራሴ የሒሳብ ደብተር ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። በጣም ሳቅኩ። የጋሊሊዮን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ሳቄ ቀረ።

ጋሊሊዮ በ1564 በኢጣሊያ አገር ፒሳ በምትባል ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሙዚቀኛ ነበር። ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ግን ሒሳብን መረጠ። ከ1592 ጀምሮ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ለ18 ዓመት ሒሳብ አስተማረ።

በዚያን ጊዜ አንድ ጥያቄ እረፍት ነሣው። ዕቃ ሲወድቅ ፍጥነቱ የሚጨምረው እንዴት ነው? የሚወድቅ ዕቃ ቶሎ መሬት ስለሚደርስ ያኔ መለካት ከባድ ነበር። ስለዚህ ጋሊሊዮ ዘዴ ፈጠረ። ረጅም እንጨት ላይ ቀጭን ቦይ አወጣ፣ እንጨቱን ትንሽ አዘነበለው፣ ከዚያ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አልነበረውም። እንዴት ለካው መሰላችሁ? ኳሷ ስትንከባለል ውኃ በቀጭን ቧንቧ ይወርዳል፤ የወረደውን ውኃ በሚዛን ይመዝነዋል። ብዙ ውኃ ማለት ብዙ ጊዜ ማለት ነው። ደጋግሞ ሞከረው። ኳሷ በመጀመሪያው ጊዜ 1 እርምጃ ከሄደች፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 ትሄዳለች። ስትደምሩት 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይመጣል። እነዚህ ቁጥሮች የ1፣ የ2፣ የ3 እና የ4 ስኩዌር ናቸው!

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፈ፤ ግን መጽሐፍ አድርጎ አላወጣውም። በ1609 ቴሌስኮፕ መጣና ሐሳቡን ወሰደው። በ1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ 4 ጨረቃዎች አገኘ። ዝነኛ ሆነ፤ ወደ ፍሎረንስ ሄደ። የኳሷ ወረቀቶች ከ20 ዓመት በላይ ተቀመጡ።

በ1632 ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ምክንያት በ1633 ሮም ላይ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቀረበ። ተንበርክኮ ሐሳቡን እንዲክድ ተደረገ፤ የቁም እስርም ተፈረደበት። በዓመቱ መጨረሻ ፍሎረንስ አጠገብ ባለችው አርቼትሪ ወደሚገኘው ቤቱ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ 70 ዓመት ሞላው።

የእኛ አገር ሽማግሌዎች በዚህ ዕድሜ ጡረታ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዕድር ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጅ ያጫውታሉ። የጋሊሊዮ ጡረታ ግን ያለ ፈቃድ ከቤት የማይወጣበት ጡረታ ነበር። መጽሐፎቹ እንዳይታተሙም ተከለከለ።

አንድ ደስታ ግን ነበረው። መነኩሲት የሆነች ትልቅ ልጁ ቤቱ አጠገብ ባለ ገዳም ትኖር ነበር። ማሪያ ቼሌስቴ ትባላለች። ልብሱን ትሰፋለታለች፣ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፣ ታጽናናዋለች። እርሱ በተመለሰ በ4 ወሩ፣ በሚያዝያ 1634፣ በ33 ዓመቷ ሞተች። ይህን ሳነብ እኔም ከፋኝ። ጋሊሊዮ ከሐዘኑ የተነሣ ታመመ፤ ለተወሰነ ጊዜ ምንም መሥራት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የድሮ ወረቀቶቹን እንደገና መጻፍ ቀጠለ። በወጣትነቱ በላቲን የጻፈውን ሳይጥል፣ ሰው እንዲገባው በጣሊያንኛ ጭውውት ጨመረበት። በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይከራከራሉ። ሁለቱ በእውነት የነበሩ ጓደኞቹ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱም ሞተዋል። እርሱ በመጽሐፉ ውስጥ እንዲናገሩ አደረጋቸው።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ጋሊሊዮ በመጀመሪያ የሚወድቅ ዕቃ ፍጥነቱ የሚጨምረው በሄደው ርቀት ልክ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስህተት ነበር። በኋላ በፈጀው ጊዜ ልክ መሆኑን ደረሰበት። መጽሐፉን ሲጽፍ ስህተቱን አልደበቀም፤ ደራሲው ራሱ አንድ ጊዜ ተሳስቶ እንደነበር በግልጽ አስገባው። እኛ ግን ኤክስ የተደረገበትን ገጽ ቀደን እንጥላለን!

መጽሐፉ በኢጣሊያ መታተም ስላልቻለ ወደ ሆላንድ ተልኮ፣ በ1638 ሌይደን በምትባል ከተማ ታተመ። ግን አቤት የሚያሳዝነው! ያን ጊዜ የጋሊሊዮ ሁለት ዓይኖች ጠፍተው ነበር። ለዓመታት የደከመበትን መጽሐፍ በዓይኑ አላየውም። በሚቀጥለው ዓመት ቪቪያኒ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ አብሮት መኖር ጀመረ፤ ያነብለትና ይጽፍለት ነበር። ጋሊሊዮ በጥር 1642 በ77 ዓመቱ አረፈ። መጽሐፉ ለኋለኞቹ ሳይንቲስቶች፣ ለኒውተንም ጭምር መሠረት ሆነ። የኳሷ ወረቀቶች ዛሬም ፍሎረንስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ማንም ቆሎ አልጠቀለለባቸውም።

እናንተም ሞክሩት። ለስላሳ ጣውላ ትንሽ አዘንብሉ፣ ብይ አንከባሉ፣ በጭብጨባ ቁጠሩ። ሙሉውን ጣውላ በ4 ጭብጨባ ከጨረሰች፣ ከላይ ያለውን ሩቡን በ2 ጭብጨባ ትጨርሳለች። ውጤቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ቢሳሳትም አትቅደዱት።

የስድስተኛ ክፍል ደብተሮቼ አልቀዋል። የዘንድሮዎቹን ግን በካርቶን አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጣለሁ። ለቆሎዋ ሴትዮ ጋዜጣ እፈልግላታለሁ።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል