የባቡር ሠራተኛው ዘፋኝ ጂሚ ሮጀርስ

በአሜሪካ አገር የባላገር ዘፈን፥ በእነርሱ አጠራር የካንትሪ ሙዚቃ፥ አባት እየተባለ የሚጠራው ጂሚ ሮጀርስ የተወለደው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1897 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የትውልድ ስፍራው በሚሲሲፒ ግዛት በሜሪዲያን ከተማ አጠገብ እንደ ሆነ ብዙዎች ይናገራሉ፤ በአላባማ ግዛት የምትገኘው ጋይገር የምትባል መንደርም የእኔ ልጅ ነው ትላለች። ሰው ሲከብር አገሩ ይበዛል። ዳሩ ግን ሥራ የጀመረውም፥ ትዳር የያዘውም፥ በመጨረሻም የተቀበረው በሜሪዲያን ስለ ሆነ ክርክሩ እምብዛም አያስቸግረንም።

ሜሪዲያን በዚያ ዘመን ብዙ የባቡር ሐዲዶች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። የጂሚ አባት አሮን ሮጀርስ ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞች አለቃ ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተች ልጁ በዘመድ ቤት እየተዘዋወረ አደገ። ትምህርቱን የሚወድ ልጅ አልነበረም ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ13 ዓመቱ ገደማ በዘፈን ውድድር ካሸነፈ በኋላ መድኃኒት እየሸጡ ሕዝብ ከሚያጫውቱ ተጓዦች ጋር ከቤቱ ኮበለለ። አባቱ ፈልጎ አገኘውና ወደ ቤት መልሶ ከሐዲዱ ሥራ ላይ አስገባው። የመጀመሪያ ሥራውም ለሠራተኞቹ የሚጠጣ ውሃ ማመላለስ ነበር።

እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ይህ ሆነ። ሐዲዱን የሚያነሡትና የሚያስተካክሉት ሰዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከባዱን ብረት ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲገፉት አንዱ እየመራ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍኑ ነበር። ውሃ ቀጂው ልጅ ያንን ዜማ በጆሮው ቀሰመ፤ የብሉስ አዘፋፈንንም የተማረው ከእነርሱ ነው። የዚያ አገር ሕግ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በአንድ የባቡር ፉርጎ አብረው እንዳይቀመጡ ይከለክል ነበር። ዜማውን የሚከለክል ሕግ ግን አልተገኘም። የእነዚያ መምህራን ስም በየትም አልተመዘገበም፤ እንደ እኔ አሳብ ከክብሩ እኩሌታው የእነርሱ ነው።

ጂሚ ካደገ በኋላ ፍሬን ያዥ ሆነ። ይህም በሚሄደው ባቡር ላይ እየተዘዋወረ ፉርጎዎቹን የሚቈጣጠር ሠራተኛ ማለት ነው። ሥራው አደገኛ ከመሆኑም በላይ ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ ነበር። በ1920 ኬሪ ዊሊያምሰን የምትባለውን የሜሪዲያን ልጅ አገባ። አኒታና ጁን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ጁን ግን ዓመት ሳይሞላት በ1923 ሞተች። በሚከተለው ዓመት ራሱ ጂሚ ደም ማሳል ጀመረ፤ ሐኪሞችም የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ነገሩት። ዕድሜው 27 ነበር። ለዚህ በሽታ የሚሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ስለ ሆነ በዚያ ጊዜ ሐኪም ሊያዝዝ የሚችለው ዕረፍትና ደረቅ አየር ብቻ ነበር። ባቡሩን ተወ፤ ዕረፍት ግን አላደረገም። ቤተ ሰቡን የሚያበላበት ሌላ ነገር ስላልነበረው ጊታሩን ይዞ ተነሣ።

በ1927 ራልፍ ፒር የሚባል የቪክተር ኩባንያ ሰው ዘፈን በሸክላ ለመቅረጽ ወደ ብሪስቶል ከተማ እንደ መጣ ሰማ። ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ለመዝፈን ሄደ፤ ነገር ግን በዋዜማው ተጣልተው ተለያዩ። ስለዚህ ኦገስት 4 ቀን ብቻውን ቆሞ ሁለት ዘፈን ዘፈነ፤ 100 ዶላርም ተከፈለው። ያ ሸክላ ብዙ አልተሸጠም። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪጠሩት ድረስ ይጠብቅ ነበር፤ እርሱ ግን ጊዜ እንደሌለው ያውቃልና ማንም ሳይጠራው ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሚስተር ፒርን መጥቻለሁ አለው። በኖቬምበር ወር በካምደን የተቀረጸው ሸክላ በመቶ ሺህ እየተቈጠረ ተሸጠ።

ሕዝቡን የማረከው ዮድል የሚባለው አዘፋፈን ነው። ዘፋኙ ድምፁን ከደረቱ ድንገት ሰብሮ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እረኛ ከማዶ ሲጣራ የሰማ ሰው ጥቂት ይገባዋል። ጂሚ ይህንን ከጥቁሮቹ ብሉስ ጋር አጋባው። በ1930 በሆሊውድ ከታላቁ ጥሩንባ ነፊ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር አንድ ሸክላ አስቀረጸ። ጥቁርና ነጭ አብረው መሥራታቸው ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የተገኘውን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጂሚ ሸክላዎች ከግራሞፎን ጋር እስከ ኪፕሲጊስ ሕዝብ ድረስ ደርሰው ነበር። በ1950 ሂዩ ትሬሲ የሚባለው የአፍሪካ ዜማ ሰብሳቢ እዚያ ሲደርስ ልጃገረዶች ቼሚሮቻ ስለሚባል ፍጡር ሲዘፍኑ ሰማ። ይህ ፍጡር እኩሌታው ሰው፥ እኩሌታው እንደ ሚዳቋ ያለ እንስሳ ነው። ቼሚሮቻ ማለት በእነርሱ አፍ ጂሚ ሮጀርስ ማለት ነው! እርሱ ከሞተ 17 ዓመት አልፎት ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ገንዘብ በመጣ ጊዜ ጂሚ በ1929 አየሩ ደረቅ በሆነው በቴክሳስ በከርቪል ትልቅ ቤት ሠራ። ሆኖም ለሕክምናው የሚወጣው ወጪ ስለ በዛ ቤቱን ለመሸጥ ተገደደ። ገንዘብ በእጁ የማይበረክት ሰው ነበር፤ ግን ለራሱ ብቻ አላባከነውም። በ1931 ድርቅ የጎዳቸውን ሰዎች ለመርዳት ከዝነኛው ቀልደኛ ከዊል ሮጀርስ ጋር ስለ ቀይ መስቀል በየከተማው እየዞረ ዘፈነ። ሁለቱ በስም እንጂ በዘር አይዛመዱም። በዚያው ዓመት ስለ ገዛ በሽታው የዘፈነውን ሸክላ አወጣ፤ ሰው ስሙን እንኳ ለመጥራት የሚፈራውን ደዌ በአደባባይ መዝፈን ድፍረት ነበር።

ከሜሪዲያን ጋር የነበረውም ማሰሪያ አልተበጠሰም። ጂሚ ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። የሜሪዲያን ነዋሪ የነበረችው የባለቤቱ እኅት ኤልሲ ማክዊሊያምስ ግን ፒያኖ የምትመታ ሴት ነበረች። ብዙ ዘፈኖች ጽፋ ሰጠችው፤ ኖታ ስለማያነብም ዜማውን እየዘፈነች በቃል ታስጠናው ነበር። በብዙዎቹ ላይ ስሟ እንዲጻፍ እንኳ አልፈለገችም።

በሜይ 1933 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ሰውነቱ እጅግ ደክሞ ስለ ነበር በመቅረጫው ቤት አልጋ ተዘጋጀለት፤ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ይተኛል፥ ተነሥቶ ደግሞ ይዘፍናል። ለሚስቱና ለልጁ የሚተርፍ ገንዘብ ለማግኘት የቀረው መንገድ ይህ ብቻ ነበር። ሥራውን በጨረሰ በሁለተኛው ቀን ሜይ 26 ባረፈበት ሆቴል ከሳንባው ደም ፈስሶ ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ዘፈኖች አስቀርጿል።

ሬሳው ወደ አገሩ የተመለሰው በባቡር ነው። በሜሪዲያን ሲነገር እንደ ኖረው፥ ነጂው ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ የባቡሩን ፉጨት ዝቅ ባለ ድምፅ እያስጮኸ ገባ። በኦክ ግሮቭ መቃብር ከሕፃኒቱ ከጁን አጠገብ ተቀበረ።

በሞተ በ20ኛው ዓመት፥ በ1953፥ የሜሪዲያን ሕዝብ ሐውልት አቆመለት፤ መታሰቢያነቱም ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለሞቱት የከተማይቱ የባቡር ሠራተኞች ጭምር ሆነ። በ1961 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሲመሠረት መጀመሪያ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ስሙ በአንገቷ ላይ የተጻፈባትን፥ በጀርባዋም ለተመልካች የሚያሳያት የምስጋና ቃል ያለባትን ጊታሩን ወይዘሮ ኬሪ ኧርነስት ተብ ለሚባል ገና ላልታወቀ ወጣት ዘፋኝ አዋሰችው። እርሱም ለብዙ ዓመታት ሲጫወትባት ቆየ፤ በመጨረሻ ጊታሯም ወደ ሜሪዲያን ተመለሰች።