ማዳም ዎከርና የከርዳዳ ፀጉር እንክብካቤ

ከርዳዳ ፀጉር ከሉጫ ፀጉር የሚለየው በመልኩ ብቻ አይደለም። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ ያለ ብዙ ችግር እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተገታ ከሥሩ አጠገብ ይቀራል። ስለዚህም ጫፉ ይደርቃል፤ ሚዶ ሲገባበትም በቀላሉ ይሰበራል። የአገራችን እናቶች ፀጉርን በለጋ ቅቤ ማራሳቸው ይህንኑ ድርቀት ለመከላከል የሚረዳ ጥበብ ነው። በአሜሪካ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ግን ለእንዲህ ያለው እንክብካቤ የሚያስፈልገውን ጊዜም ሆነ መሣሪያ ተነፍገው ኖሩ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተነሱት ሰዎች መካከል ስማቸው ይበልጥ የሚታወሰው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ናቸው።

የልጅነት ስማቸው ሣራ ብሪድላቭ ነበር። ሣራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 በሉዊዚያና ግዛት፣ ዴልታ በተባለች ሥፍራ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ባሮች የነበሩ ሲሆን፣ ከልጆቻቸው መካከል በነፃነት የተወለደች የመጀመሪያዋ እርሷ ነበረች። በሰባት ዓመቷ እናትና አባቷን አጣች፤ በ14 ዓመቷ ተዳረች፤ በ1885 ሴት ልጅ ወለደች፤ 20 ዓመት ሲሆናት ባሏ ሞተ። ከዚህ በኋላ ልጇን ይዛ ወንድሞቿ በፀጉር አስተካካይነት ወደሚሠሩበት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደች። በዚያም በቀን አንድ ዶላር ተኩል ያህል እያገኘች ለረጅም ዓመታት የሰው ልብስ በማጠብ ኖረች።

በዚያን ዘመን በብዙ ድሆች ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ፀጉር የሚታጠበው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ሳሙናውም የራስ ቆዳን የሚያቃጥል ብርቱ ሳሙና ነበር። ፎረፎርና ቁስል የበዛበት ራስ ደግሞ ፀጉሩን መያዝ አይችልም። የሣራም ፀጉር በዚሁ ሳቢያ ይነቃቀል ጀመር። ችግሩን ለመቋቋም ልዩ ልዩ ቅባቶችን ሞከረች፤ አኒ ተርንቦ የተባሉት ጥቁር ነጋዴ የሚያዘጋጁትንም ቅባት በወኪልነት ሸጠች። በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች፤ በ1906 ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አግብታ በባሏ ስም የራሷን ቅባት ለገበያ አቀረበች።

ቅባቱ በዋነኛነት ከቫዝሊንና ከድኝ የተዘጋጀ ነበር። ድኝ ለቆዳ በሽታ ማከሚያነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ በመሆኑ በውስጡ አዲስ ግኝት አልነበረም። አኒ ተርንቦም ሥራዬን ቀዱብኝ ሲሉ ከሰዋቸዋል። የማዳም ዎከር ትልቁ ሥራ አሠራሩን ማደራጀታቸው ነው። ራስን አዘውትሮ ማጠብን፣ ቆዳውን በቅባት ማሸትንና ፀጉሩን በጋለ ሚዶ ማበጠርን በተከታታይ ደረጃዎች አቀናጅተው፣ ማንኛዋም ሴት ተምራ ልትሠራው የምትችል ሙያ አደረጉት። በ1908 በፒትስበርግ በልጃቸው ስም የተሰየመ ማሠልጠኛ ከፈቱ፤ በ1910 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውረው ፋብሪካ አቋቋሙ። የወኪሎቻቸውም ቁጥር ወደ ሺዎች ደረሰ። ከልብስ ማጠብና ከሰው ማጀት በቀር ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው ሴቶች በዚህ መንገድ የራሳቸው ገቢ አገኙ።

ይሁን እንጂ ሥራቸው ያለ ነቀፋ አልታለፈም። ጥቁር ሴት ፀጉሯን ሉጫ ለማድረግ መጣሯ የነጮችን መልክ መመኘት ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የጋለውን ሚዶ ማዳም ዎከር ፈለሰፉት የሚባለው ስሕተት ነው፤ መሣሪያው ከእርሳቸው በፊትም ነበር። ነገር ግን እንዲስፋፋ ማድረጋቸው አይካድም። እርሳቸው ፀጉር ሉጫ አድራጊ መባልን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ዓላማቸው የራስን ቆዳ ጤና መጠበቅና ፀጉርን ማሳደግ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ቢሆንም በግዙፍ የቆዳ ቀለም አድልዎ ውስጥ በሚኖር ኅብረተሰብ መካከል የጋለው ሚዶ ከሳሙናውና ከቅባቱ ይልቅ ገናና ሆነ። ሙቀቱ ሲበዛም ፀጉሩን ራሱን ይጎዳ ነበር።

ማዳም ዎከር ሀብታቸውን ለራሳቸው ብቻ አላደረጉትም። በ1917 ወኪሎቻቸውን በፊላዴልፊያ ሰብስበው፣ ብዙ ለሸጡት ብቻ ሳይሆን ለበጎ አድራጎት ብዙ ለሰጡትም ሽልማት አደሉ። በዚያው ዓመት ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ መገደላቸው እንዲቆም ለማመልከት ከሐርለም መሪዎች ጋር ወደ ዋይት ሐውስ ቢሄዱም፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሳያነጋግሯቸው ቀሩ። በ1918 ጥቁሩ አርክቴክት ቨርትነር ታንዲ በነደፈላቸው ትልቅ ቤት ውስጥ መኖር ጀመሩ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆዩበት ግንቦት 25 ቀን 1919 በ51 ዓመታቸው አረፉ።

የመሠረቱት ኩባንያ እስከ 1981 ድረስ ዘልቋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥቁር ሴቶች የጋለውን ሚዶ ትተው ፀጉራቸውን እንደ ተፈጥሮው ማሳደግን መርጠዋል። ሆኖም ከርዳዳ ፀጉር በተፈጥሮው ሲያዝም ቢሆን የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ንጹሕ የራስ ቆዳ፣ የማያቃጥል ሳሙናና ድርቀትን የሚከላከል ቅባት። ማዳም ዎከር የማኅበረሰባቸውን የመልክ ጥያቄ ሊፈቱ አልቻሉም፤ ልብስ አጣቢዋ ሣራ ግን ፀጉሯ የተነቃቀለው በፀጉሩ ዓይነት ሳይሆን በውሃና በእንክብካቤ እጦት መሆኑን በትክክል ተረድታ ነበር።