ስድስት ሰዓት ለመተንበይ ስድስት ሳምንት

የጋዜጠኝነት ተማሪን ከደመና ሂሳብ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘኝ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው (ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኗል)። ለዘገባ ልምምድ በክረምት እዚያ ስመላለስ፣ ጠዋት እንደ ብርድ ልብስ የተዘረጋው ዝቅተኛ ደመና ረፋዱ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ብጥስጥስ ይል ነበር። ሠራተኞቹ ግን አናታቸው ላይ ያለውን ትተው ወደ ደንገጎ ተራራ ነው የሚያዩት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ከባዱ ዝናብ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነበር፤ ድሬ ይህን አትረሳም። ታዲያ ደመና ጠባዩን መቼ ነው የሚለውጠው? ይህን ሳነብ ነው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰንን ያገኘሁት።

ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1881 በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። ኩዌከሮች መሣሪያ አናነሳም የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ።

በ1913 የእንግሊዝ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ስኮትላንድ ውስጥ የኤስክዴልሚዩር ጣቢያ ኃላፊ አደረገው። ያኔ ትንበያ ማለት የዛሬውን ካርታ ከድሮ ካርታ ጋር አመሳስሎ መገመት ነበር። እሱ ግን ሰማዩን እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፈለው። በየቤቱ ግፊት፣ ነፋስ፣ ሙቀትና እርጥበት ይሞላል፤ ከዚያ በፊዚክስ ሕግ፣ አንዱ ቤት ከጎረቤቱ ጋር ባለው ልዩነት፣ ከሰዓታት በኋላ የሚሆነው ይሰላል።

በ1916 ሥራውን ትቶ ፈረንሳይ ጦር ግንባር የአምቡላንስ ሹፌር ሆነ። ቁስለኛ ከማመላለስ ሲያርፍ ያሰላል። የመረጠው ያለፈ ቀን ነው፤ ግንቦት 20 ቀን 1910፣ የጀርመን ሰማይ። ለ6 ሰዓት ለውጥ 6 ሳምንት ያህል ፈጀበት። መልሱም ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይጨምራል የሚል ሆነ። ጉድ ነው! የዚያን ቀን ባሮሜትሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። በ1917 በሻምፓኝ ውጊያ ደግሞ ረቂቁ ጠፋ፤ ከወራት በኋላ ቤልጂየም ውስጥ የከሰል ክምር ሥር ተገኘ።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1922 መጽሐፉን ሲያሳትም የተበላሸውን ስሌት ሳይደብቅ ከነሰንጠረዡ አወጣው። ያ ሰንጠረዥ ስላለ ነው ፒተር ሊንች የተባለው ተመራማሪ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ስሌቱን ደግሞ የሠራው። ጥፋቱ መነሻው ላይ ነበር፤ የተለኩት ነፋስና ግፊት እርስ በርስ አልተመጣጠኑም። ሲስተካከሉ 145ቱ ወደ 1 ገደማ ወረደ።

ወደ ደመናችን እንመለስ። በስሙ የሚጠራው የሪቻርድሰን ቁጥር ሁለት ጉልበቶችን ያወዳድራል። ከባዱ አየር ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሲሆን ድርብርቡ ይጸናል፤ ነፋሱ ከንብርብር ንብርብር ሲለያይ ደግሞ ያተራምሰዋል። ቁጥሩ ከሩብ በታች ሲወርድ ትርምስ ሊነሳ ይችላል። ዝቅተኛ ደመናን በሂሳብ የሚከተሉ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። በ2011 ኢላን ኮረንና ግራሃም ፋይንጎልድ ደግሞ ደመናና ዝናብን እንደ ፍየልና ጅብ አድርገው ጽፈዋል (ፍየልና ጅብ ያልኩት እኔ ነኝ)። ደመናው ይወፍራል፣ ዝናቡ ይበላዋል፣ የሚበላው ሲያጣ ዝናቡ ይደክማል፣ ደመናው እንደገና ያገግማል።

ሪቻርድሰን ግን ከዚህ ሙያ የወጣው ገና በጠዋቱ ነው። በ1920 መሥሪያ ቤቱ በአየር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ሲገባ ለቀቀ። የአየር ትርምስ ጥናቱም ለመርዝ ጋዝ ባለሙያዎች እንደሚጠቅም ሲያይ እንደተወው ሚስቱ ዶሮቲ ተናግራለች። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መርዝ ከአውሮፕላን ላዘነበችበት አገር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራው ጦርነት ራሱን ማስላት ሆነ፤ የአንዱ አገር ትጥቅ የሌላውን እንዴት እንደሚያንር በእኩልታ ጻፈ። በ1950 አሜሪካኖች ኤኒያክ በተባለው ኮምፒውተር የ24 ሰዓት ትንበያ ሠርተው ውጤቱን ሲልኩለት ደስታውን ገለጸላቸው። በ1953 አረፈ። ስለ ጦርነቶች ያጠናቀረው ቁጥር በመጽሐፍ የወጣው በ1960 ነው።