ሥዕሎቹ የተመለሱለት ሰዓሊ

በውጭው ዓለም ለካርቱን ፊልም በእጅ የተቀቡ ፕላስቲኮችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ድሮ አንዳንድ ስቱዲዮዎች ቀለሙን አጥበው ለሌላ ፊልም ይጠቀሙባቸው ስለነበር የተረፈው ኦሪጅናል ብርቅ ነው። እኛ አገርስ ኦሪጅናል ሥዕል ማን ይሰበስባል? የገብረክርስቶስ ደስታ ሕይወት ይሄን ጥያቄ ያነሳል።

ገብረክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍት ሰዓሊ ነበሩ። እሱ ግብርና መማር ቢጀምርም ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበር ተወው፤ በ1957 ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ግጥምም ይጽፍ ነበር። ረቂቅ ሥዕሉ ግን ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሆነ ትችት አልቀረለትም።

በደርግ ዘመን ሥዕሎቹን ጥሎ ተሰደደ። በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሲያርፍ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እሱ ባይመለስም ጀርመን የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፎቶ ላይ የማይታየው የብሩሹ መንገድና የቀለሙ ውፍረት ኦሪጅናሉ ፊት ስትቆም ይታይሃል።

ታዲያ ከአዳማ እስከ ባቱ በእጅ የተሳሉ የሱቅ ታፔላዎች በፕሪንት ባነር ሲተኩ አሮጌዎቹ የት እየገቡ ነው? እነሱንም ለመሰብሰብ እስኪጠፉ አንጠብቅ።